የይርገዱ በርጩማ

ድሮ፣ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳታበቅል፣ ያ ማዶ የምታዩት ተረተር ሁሉ ደን በነበረ ጊዜ፣ ቀጨሞ የምትባል መንደር ነበረች። ተጠጉ እንጂ! ጉሮሮዬ እንደ ልጅነቴ አይደለም፤ ከሩቅ የተቀመጠ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

የቀጨሞ ሰዎች ደጎች ነበሩ። ሰው ሲሞት አብረው ያለቅሳሉ፣ ሰው ሲወልድ አብረው እልል ይላሉ። አንድ ክፉ ልማድ ብቻ ነበራቸው። እባብ የገባበትን ቤት ያቃጥሉ ነበር። ምን ዓይነት እባብ ነው፣ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። "እባብ!" ተብሎ ከተጮኸ ሰው ይወጣል፣ ከብት ይወጣል፣ ችቦ ይመጣል። እባብ ባለፈበት ደጃፍ ሞት ተከትሎት ይገባል ብለው ያምኑ ነበርና። ቤቱ ነዶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ያው ያቃጠለው ሰው ሁሉ ሣር አጭዶ፣ እንጨት ቆርጦ ለባለቤቱ ሌላ ጎጆ ይቀልሳል። ደጎች ናቸው አላልኳችሁም? ሲያቃጥሉም በደግነት ነበር።

ችቦውን የሚይዙት አባ ዋሴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው ታናሽ ወንድማቸውን እርሻ ላይ እባብ ነደፈውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ እባብ ሲባል አያዩም፣ አይጠይቁም። ያቃጥላሉ።

ታሪኩ ግን የይርገዱ ነው።

ይርገዱ ልጅ ሳለች እናቷ እባብ አየሁ ብላ ጮኸች፤ ይርገዱም አይታው ነበር። ክረምት ነበር። መንደሩ መጣ፣ ችቦው መጣ፣ ቤቱ ከውስጥ ተለኮሰ። ይርገዱ የእናቴን እንዝርት ላውጣ ብላ ተመልሳ ገባች፤ ማገር ወድቆ ጉልበቷን መታት። እንዝርቷ ተረፈች፤ ጉልበቷ ግን አልዳነም። እናቷንም አዲሱ ጎጆ ክዳኑ ሳያልቅ የክረምቱ ብርድ ገደላት። ከዚያ ወዲህ ይርገዱ ሁለት ነገር ትፈራ ነበር፤ እባብና ችቦ። ከሁለቱ የትኛውን አብልጣ እንደምትፈራ ግን ገና አልለየችም ነበር።

አደገች። ጉልበቷ ሥራ ስለማያሠራት ቁጭ ብላ የምትሠራውን ሠራች። የእናቷን እንዝርት ይዛ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ቀጨሞ ውስጥ የሚለበሰው ጋቢና ቀሚስ ድሩ ከእሷ ጣት ነበር የሚወጣው። ባል አልነበራትም፣ ልጅ አልነበራትም። ያለቻት አንዲት ጠባብ ጎጆ ናት፤ መደብ፣ ምድጃ፣ ጥግ ላይ የእህል ጎታ። ወገኗ ያቺ ጎጆ ነበረች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንደ ወትሮዋ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ኮቴ የለም፣ ድምፅ የለም፤ እንዝርቷ ብቻ ትሽከረከራለች። ከጎታው ሥር አንድ ነገር ተሳበ። ቀና አለች። እባብ ነው፤ ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ ከክንድ የሚረዝም።

ልትጮህ አፏን ከፈተች። ጮኸች ማለት ደግሞ ችቦ መጣ ማለት ነው። አፏን መልሳ ገጠመች። ልትሮጥ ብትል ጉልበቷ እንቢ አለ። ቁጭ አለች።

አልፈራችም ብዬ ብነግራችሁ ዋሸሁ። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ፣ ጥጡ ከጣቷ ወደቀ፣ የምታውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠርታ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። አየችው። አንገቱን አላነሳም፣ አልነፋም፣ ወደ እሷ አልዞረም። ትንሽ ጭንቅላቱን መሬት ለመሬት እየሳበ፣ ምላሱን ብልጭ እያደረገ መጣ፣ መጣ፣ መጣና እግሯ ላይ ወጣ። ቀዝቃዛ ነው። እርጥብ ይመስላት ነበር፤ ደረቅ ነው። እግሯን ተሻግሮ ወረደ። ጎታዋን ስትቦረቡር የከረመችውን አይጥ ከጉድጓዷ ጎትቶ አወጣ፣ ዋጣትና በመጣበት ሄደ።

ይርገዱ እግሯን ዳበሰች። ምንም የለም። ሌላውንም ዳበሰች፣ እባቡ ያልነካውን። ምንም የለም። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ጥጧን አንሥታ ፈተለች። ለማንም አልነገረችም።

እባቡ ከዚያ በኋላም ይመጣ ነበር። እሱ ያልፋል፣ እሷ ቁጭ ትላለች። ተዋደዱ አልላችሁም፤ እባብ ምኑ ይወደዳል! ተቻቻሉ።

ክረምት ገባ። ትርንጎ የምትባል የአባ ዋሴ የልጃቸው ሚስት በዚያው ሰሞን ወልዳ አራስ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ከአራስ ቤቱ "እባብ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ሰው ሮጠ። ችቦ መጣ። አባ ዋሴ የገዛ ልጃቸውን ቤት ሊያቃጥሉ እያለቀሱ መጡ። ትርንጎ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ዝናብ ላይ ቆመች። ሴቶቹ ቁና ይዘው ከላይዋ ጋረዱላት። ዝናብ በቁና ይጋረዳል?

ይርገዱ ደጇ ላይ ሆና ሕፃኑን አየች። እናቷ ትዝ አለቻት። በርጩማዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ እያነከሰች መጣች። ሰው ሁሉ ከዚያ ቤት ሮጦ ሲወጣ እሷ ገባች።

"አንቺ! ወዴት ነው?" አሉ አባ ዋሴ።

"ልቀመጥ ነው።"

"አብደሻል እንዴ?"

"መቆም አልችልም፤ ጉልበቴን ያውቁታል። ቁጭ ብዬ ልየው። ካየሁት በኋላ ያቃጥላሉ።"

ይህን ያህል ስትናገር ሰምቷት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባ ዋሴም ግራ ገብቷቸው ችቦውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቀሩ። ይርገዱ መሐል ቤት በርጩማዋን አስቀመጠች። ቁጭ አለች። ፈራች፤ አሁንም ፈራች። የእሷው እባብ ይሁን ሌላ በምን ታውቃለች? ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። ጩኸቱ በረድ ሲል ከመደቡ ሥር ቡናማው ብቅ አለ። አንገቱን አላነሳም፣ አልነፋም። በአጠገቧ አልፎ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ በአባ ዋሴ ሁለት እግሮች መሐል ሾልኮ ወጣ። አባ ዋሴ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ጥጃ ዘለሉ። ችቦው ከእጃቸው አምልጦ ኩሬ ውስጥ ወደቀ፣ ቸስ አለና ጠፋ።

መጀመሪያ የሳቀችው ትርንጎ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አራሷ ልጇን ይዛ ተመልሳ ገባች። ሕፃኑ አንዴ አነጠሰና ጡቱን ያዘ። ያን ቀን ቀጨሞ ውስጥ ቤት አልነደደም።

አባ ዋሴ ግን አልሳቁም። "ራሱ ወጣ፤ ስለዚህ ሞትንም ይዞት ወጣ" አሉ። "አልወጣ ቢል ኖሮ ግን እናቃጥል ነበር።" ሰውም እውነታቸውን ነው አለ። ልማድ እንዲህ በቀላሉ ይለቃል መሰላችሁ?

ክረምቱ አለፈ። ትርንጎ ልጇን አዝላ፣ ቅቤ በቅል ይዛ ይርገዱን ልታመሰግን መጣች። ይርገዱ በርጩማዋ ላይ፣ ትርንጎ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሲያወሩ ቆዩና ወሬው አለቀባቸው። ዝም ሲሉ ጊዜ ያ እባብ ከጎታው ሥር ብቅ አለ።

"እባብ!" ብላ ጮኸች ትርንጎ። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጩኸቱ ግን ወጥቷል። እባቡም ደንግጦ ተመልሶ ገባ።

"እትዬ ይርገዱ! ምን አደረግሁ?"

"ምንም አላደረግሽም፤ ደንግጠሽ ነው" አለች ይርገዱ። ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

መንደሩ መጣ። እባቡ ጎታ ሥር እንደገባ አወቁ። ይህ ደግሞ የባሰ ነው፤ መንገደኛ አይደለም፣ ነዋሪ ነው። አባ ዋሴ ችቦ ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። ትርንጎ ወጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"አባባ፣ እኔ ነኝ የጮኽሁት፣ ጩኸቴን ይተዉልኝ!" አለች።

"ጩኸት መመለሻ የለውም ልጄ" አሉና ወደ ውስጥ ተጣሩ። "ይርገዱ! ውጪ!"

ይርገዱ አልወጣችም። ከምድጃው ወደ ጎታው፣ ከጎታው ወደ ምሰሶው አየች። ከእባቡና ከችቦው የትኛውን አብልጣ እንደምትፈራ ያን ጊዜ ለየች። ሦስተኛም ጎጆ ቢቀልሱላት በዚህ ጉልበት፣ በዚህ ዕድሜ ብርዱን እንደማታልፈው ታውቃለች። ደጅ ሞታ ከምትገኝ እዚሁ ትቀመጣለች። ቁጭ አለች።

አባ ዋሴ ሁለት ጊዜ ተጣሩ፤ መልስ ቢያጡ በክንዷ ጎትተው ሊያወጧት ጎንበስ ብለው ገቡ። ሽማግሌ በበሩ ሲገባባት የይርገዱ ሰውነት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተማረውን አደረገ። ያ ጉልበት እየጮኸ ከበርጩማዋ ተነሣች።

"ኖር አባ ዋሴ!"

"በእግዜር" አሉ አባ ዋሴ። ሄደውም በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

አስባበት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። እሷም አላሰበችም፣ እሳቸውም አላሰቡም። ኖር ሲባል በእግዜር ይባላል፣ በእግዜር ከተባለ ይቀመጣል። ቁጭ ካሉ በኋላ ነው አባ ዋሴ ችቦውን እጃቸው ላይ ያዩት። አሁን ምን ይደረግ? ቁጭ ያሉበትን ቤት ወዲያው ተነሥቶ መለኮስ ነውር ነው። ችቦውን ምድጃው ጠርዝ ላይ አጋደሙት። ይርገዱ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ዝም አሉ። ውጪ ያለውም ሰው ጪሱን እየጠበቀ ዝም አለ።

ዝም ሲባል ነው እንግዲህ የሚመጣው። ከጎታው ሥር ብቅ አለ። አባ ዋሴ ሊነሡ ቃጣቸው።

"አይነሡ፤ ሲረግጡ ይደነግጣል። ይዩት ብቻ" አለች ይርገዱ በለሆሳስ።

ከወንድማቸው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እባብን ትክ ብለው አዩ። ወንድማቸውን የነደፈው አንገቱን አንሥቶ ነበር፤ ነፍቶ ነበር። ይሄኛው አንገቱን አላነሳም፣ አልነፋም። መጣ፣ መጣ፣ መጣና ባዶ እግራቸው ላይ ወጣ። ተሻገረ። ወረደ። ወደ ጉድጓዱ ገባ።

"ነካኝ!" ብለው ጮኹ አባ ዋሴ።

ውጪ ያለው ሰው ያለቀላቸው መሰለው። ትርንጎ "ወይኔ አባባዬ!" ብላ እሪታዋን ለቀቀችው፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ አንዷማ ሙሾ ማውረድ ጀምራ ነበር አሉ።

"ዝም በሉ!" አሉ አባ ዋሴ ከውስጥ። "አልሞትሁም! ቁጭ ብያለሁ!"

እሪታው ቆመ። አባ ዋሴ እግራቸውን ደጋግመው ዳበሱ። ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ፤ ይርገዱን አዩዋት።

"የእናትሽ ቤት" አሉ። "ያን ጊዜ ያያችሁት እባብ። ታስታውሺዋለሽ?"

"አስታውሰዋለሁ።"

"ምን ዓይነት ነበር?"

ይርገዱ ሽማግሌውን ማሳዘን አልፈለገችም። ግን አየችው አይደል፣ እንዴት ትዋሽ?

"ቡናማ ነበር አባ ዋሴ። ሆዱ ነጣ ያለ።"

አባ ዋሴ አንገታቸውን ደፉ። ጎንበስ ብለው ችቦውን አነሡና ጫፉን የምድጃው አመድ ውስጥ ቀበሩት። በእጃቸው ደግሞ አመድ ደረቡበት። ሲወጡ እጃቸው እስከ ክርናቸው አመድ ነበር። ወጥተው ለተሰበሰበው ሰው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ከእንግዲህ ቁጭ ብሎ ሳያይ ማንም ችቦ እንዳይለኩስ።"

በቀጣዩ በጋ በዚያ የይርገዱ እናት ቤት በነበረበት ቦታ፣ በእሳት በጠቆረው አፈር ላይ፣ አባ ዋሴ በገዛ እጃቸው ምሰሶ ተክለው ሰፋ ያለ ጎጆ ሠሩላት። ይርገዱ እዚያ እየፈተለች ኖረች፣ አርጅታም እዚያው፣ በእሳት ሙቀት አጠገብ፣ በጣራዋ ሥር ሞተች። ተመስገን ነው።

እስከ ዛሬ ቀጨሞ ብትሄዱ በየቤቱ ከበሩ ኋላ ማንም የማይቀመጥበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ቤት ውስጥ እባብ ሲታይ መጀመሪያ እሳቱ ይዳፈናል። ሕፃናቱ ይወጣሉ። የቤቱ ታላቅ ከእባቡ ራቅ ብሎ በርጩማውን አውርዶ ይቀመጣል፣ ያያል። አንገቱን ያነሣውንና የሚነፋውን የሚያውቅበት ሰው ተጠርቶ ያስወግደዋል፤ ይርገዱ እባብ ሁሉ ደግ ነው አላለችም። መሬት ለመሬት የሚሳበውን ግን ያሳልፉታል። ታላቁ ሰው ሲቀመጥ ደጅ የቆሙት ሁሉ በአንድ ድምፅ "ኖር ይርገዱ!" ይላሉ። የተቀመጠውም፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨም ቢሆን፣ "በእግዜር" ብሎ ይመልሳል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ትንፋሹ ይመለሳል።

ይህን የነገረችኝ አያቴ ቁጭ ብላ ነገረችኝ፣ እኔም ቁጭ ብዬ ነገርኳችሁ። አሁን ግን የእኔም ጉልበት እንቢ ብሏል፤ አንዳችሁ እጄን ያዙና አንሡኝ።