ቀጭኗ ወጥ ሠሪና የአያ ጅቦ ቀበቶ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ለአራዊት ሁሉ ግብር ያበላ በነበረበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ከግቢው ደጅ ቆሞ የወጥ ሽታ ሲምግ ዋለ። መቼም ለጅብ ከሽታው የሚሻል ነገር ቢኖር ሥጋው ብቻ ነው። በዚህ መሃል የአንበሳ ወጥ ሠሪ እንኮዬ ጦጢት ጭልፋዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ጅቦ አያትና ክው አለ። ወገቧ ሸንበቆ ያህላል፤ ጉንጯ ላይ ቢቆነጥጧት የሚያዝ ሥጋ የለም።

«ይቺ ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ከድስት ጋር እየዋለች እንዴት አትወፍርም?» አለ ለራሱ። «እኔ እዚያ ውስጥ አንድ ሳምንት ብውል በበሩ መውጣትም ያቅተኝ ነበር። እሳት ዳር ተቀምጦ የማይሞቀው ማን ነው? አንድ ነገርማ አለ!»

ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንዲሉ፣ ጅቦ ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣ። ሆዱ የገባው ጥርጣሬ ከረኃቡ ብሶ አሠቃየው። በማግስቱ አንበሳ ፊት ቀርቦ መሬት ሳመ።

«ጌታዬ፣ ወጥ ሠሪዎ ሌባ ናት።»

«ምን ጎደለ?» አለ አንበሳ።

«ምንም አልጎደለም።»

«ታዲያ?»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው! እንዳይታወቅባት አድርጋ ነው የምትሰርቀው። ብትበላው ኖሮ ትወፍር ነበር፤ ካልበላችው ደብቃዋለች። ወይ ደግሞ ወጡ ውስጥ መርዝ እንዳለ ስለምታውቅ ይሆናል የማትበላው!»

ትልቅ ጌታ መርዝ ሲባል ይደነግጣል። አንበሳ ጎፈሩን ነሰነሰ።

«እንግዲያው አሥራ አምስት ቀን ጠብቃት። ሌባውን ለያዘ የበዓሉን ሰንጋ ሻኛ እሰጣለሁ። ሌባው ግን በገደል ይወረወራል።»

ይህን ብሎ የጠባቂነት ምልክት የሆነውን የቆዳ ቀበቶ ሰጠው። ቀበቶው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረችው፤ የጅቦን የከሳ ወገብ ልክክ አድርጋ ያዘችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጅቦ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተጎለተ። ዓይኑን ከጦጢት አይነቅልም። እሷ ከጭልፋዋ አንዲት ጠብታ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች፤ ጨው ትጨምራለች፤ ወደ ሌላው ድስት ትሮጣለች።

«እንኮዬ፣ የምትቀምሺው ያችን ብቻ ነው?»

«ታዲያ ድስቱን ልገልብጠው እንዴ?» አለች ላቧን እየጠረገች። «ለመቅመስ ጠብታ ይበቃል። ከጎህ ጀምሬ ቆሜ እውላለሁ። እንግዶች ሲነሡ ቁጭ ብዬ ድርሻዬን አንድ ጊዜ እበላለሁ። በቃ።»

«ይህን ሄደሽ ለአህያ ንገሪያት» አለ ጅቦ በሆዱ።

አመሻሽ ላይ ጦጢት በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ስትወጣ አየ። ተንደርድሮ ነጠቃትና ፈታው። ላብና ወጥ የጠጣ ሽርጧ ነበር፤ ልታጥበው ነው። ጅቦ አገላብጦ አሸተተው። ለማስረጃ ያህልም ጥግ ጥጉን ላሰው።

«ብልጥ ናት» አለ። «ማጠቧም ለማዘናጋት ነው።»

ስለዚህ ድስቶቹን ራሱ ቀምሶ ሊያረጋግጥ ቆረጠ። ጦጢት ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ስትወርድ ጭልፋውን ያነሣል። ከላይ ደህና ከሆነ ከሥር መርዝ ቢኖርስ? ከሥርም ይቀምሳል። የመሃሉስ በምን ይታመናል? ቀበቶው ሲጠብበው በክራንቻው አዲስ ቀዳዳ ይበሳና «ዝናቡ ቆዳውን አኮማተረው መሰለኝ» ይላል።

በአሥረኛው ቀን ግብሩ ላይ ወጥ አነሰ። በአሥራ ሁለተኛው ነብር ሳይበላ ተነሣ። አንበሳ አገሳ፤ ግቢው ተንቀጠቀጠ።

«አላልኩም ጌታዬ?» አለ ጅቦ። ደስታው ከልቡ ነበር። «ይህን ያህል ጠብቄ ስትሰርቅ አላየኋትም፤ ምን ዓይነት ረቂቅ ሌባ ብትሆን ነው!»

ጦጢትን አስረው ገደሉ አፋፍ ላይ አቆሟት።

«ጌታዬ፣ ሰባት ዓመት ሳበስልልዎ አንድ ቀን ወጥ ጎድሎብኝ ያውቃል?»

አንበሳ እመት ቀበሮን ለዳኝነት አስጠራ። ቀበሮ ጦጢትን አየቻት። ጅቦንም አየችው፤ እሱን ቆየት ብላ ነው ያየችው።

«አያ ጅቦ፣ ቀበቶህ እንዴት ያምራል! ጌታችን በሰጡህ ዕለት እንደታጠቅከው አድርገህ እስኪ ታጠቅልን።»

ጅቦ ሙገሳው ጣፈጠው። ቀበቶውን ፈታ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ ሆዱን ሰበሰበ፣ ሳበ። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ አልደረሰችም። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው።

«አምስት ቀዳዳ» አለች ቀበሮ። «አራቱ በጥርስ የተበሱ ናቸው። ጌታዬ፣ የጠፋው ወጥ እዚህ ቀበቶ ውስጥ ነው።»

«ቀመስኩ እንጂ አልበላሁም!» ብሎ ጮኸ ጅቦ። እንባው መጣ። መዋሸቱም አልነበረም፤ እሱ የሚያውቀው መቅመስ ያ ነው።

አንበሳ ሊወረውረው ብድግ ሲል፣ ከእስራቷ የተፈታችው ጦጢት እግሩ ላይ ወደቀች።

«ይማሩት ጌታዬ። መቅመስ ያስተማረው የለም።»

«ቀበቶው በመጀመሪያዋ ቀዳዳ እስኪቆለፍልህ ከደጄ እንዳትደርስ!» ብሎ አንበሳ በጥፊ ሸኘው።

ሻኛው ሌባውን ለያዘችው ለቀበሮ ተሰጠ። እሷም ጦጢትን ጠርታ አካፈለቻት። ጦጢት ቁጭ ብላ አንድ ቁራጭ በላች፤ ጣቷን ላሰችና የቀረውን መለሰችላት።

«በቃኝ።»

ጅቦ ከማዶው ኮረብታ ላይ ሆኖ ይህን አየ። ጆሮው ቀጥ አለ።

«አያችሁ? ሻኛ ፊቷ ቀርቦ በቃኝ አለች!» አለ ቀበቶውን እየጎተተ። «አንድ ነገርማ አለ!»

ከዚህ የምንማረው፣ ሆዱን መግዛት የማያውቅ ሰው የሌላው «በቃኝ» ማለት ሁልጊዜ ስርቆት እንደሚመስለው ነው።