የታሸገው ፖስታና የተደፈነው ቦይ

ጆሯችሁን ወደዚህ አዙሩ፤ አንዲት የተናደደች ልጅ ምን እንደገጠማትና ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ።

ከጅማ ወዲያ፣ ዝናብ በማይጠፋባት አንዲት ከተማ፣ ሰኪና የምትባል ልጅ ነበረች። በከተማው ኮሌጅ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ተምራ ተመርቃለች። አሁን ደግሞ ካናዳ ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን መማር ፈለገች። የካናዳው ዩኒቨርሲቲ የጠየቀውን ሁሉ አሟልታለች፤ ውጤቷ ጥሩ ነው፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን አልፋለች፣ መምህሮቿም መስክረውላታል። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትራንስክሪፕቷ በኮሌጁ ፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ እስከ ዓርብ መላክ አለበት። አምና በዚሁ ፖስታ ምክንያት ጊዜው አልፎባት አልቅሳ ነበር። ዘንድሮ ላታለቅስ ምላለች።

ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራሩ አቶ ሸዋረጋ ቢሮ ገባች።

«አቶ ሸዋረጋ፣ እባክዎ ትራንስክሪፕቴን ያሽጉልኝ። ካናዳ ያለ ፖስታው አልቀበልም አለኝ።»

«ከቤተ መጻሕፍት ዕዳ የለብሽም የሚል ክሊራንስ አምጪ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያለ ክሊራንስ አላሽግም።»

«ስመረቅ ሁሉንም መጽሐፍ አስረክቤያለሁ እኮ!»

«ያ የምርቃት ነው። ይሄ የካናዳ ነው።»

ሰኪና ጥርሷን ነክሳ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጠች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ እጥፍወርቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

«እትዬ እጥፍወርቅ፣ ክሊራንስ ይስጡኝ! ካናዳ ያለ ፖስታው አልቀበልም አለ፤ አቶ ሸዋረጋ ያለ ክሊራንስ አላሽግም አሉ!»

«ስምሽ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ የኔ ልጅ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያለ መብራት አይነሳም። ሽቦው ላይ ዛፍ ዘንበል ብሎ መብራት ከሄደ ሳምንቱ።»

«በእጅዎ ይጻፉልኛ!»

«በእጅ መጻፍ ድሮ ቀረ» አሉና ሹራባቸውን ቀጠሉ።

የመብራት ሠራተኛው ገመቹ መንገድ ዳር፣ መሰላሉን ተደግፎ ቆሟል። ሰኪና እያለከለከች ደረሰች።

«ወንድሜ ገመቹ፣ የኮሌጁን መብራት ቀጥልልን! ካናዳ ያለ ፖስታው አልቀበልም አለ፤ አቶ ሸዋረጋ ያለ ክሊራንስ አላሽግም አሉ፤ ክሊራንሱ ያለ ኮምፒውተር አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አልነሳም አለ!»

«እኔ ጠልቼ መሰለሽ? የአቮካዶ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ተጋድሟል። እሱ ሳይቆረጥ ሽቦውን ብነካ የምትቀብሪኝ አንቺ ነሽ።»

«ቁረጠዋ!»

«ዛፉ የእማማ ድንቄ ነው። ብሄድ በድንጋይ አባረሩኝ።»

የእማማ ድንቄ ቤት ከኮሌጁ አጥር ሥር ነው። ሰኪና ስትደርስ አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ከቤታቸው ውሃ በጣሳ እየጨለፉ ይደፋሉ። ሰኪና ግን ይህን ልብ ሳትል ጮኸች።

«እማማ፣ ቅርንጫፉ ይቆረጥ! ካናዳ ያለ ፖስታው አልቀበልም አለ፤ አቶ ሸዋረጋ ያለ ክሊራንስ አላሽግም አሉ፤ ክሊራንሱ ያለ ኮምፒውተር አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አልነሳም አለ፤ መብራቱ ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ አልመጣም አለ!»

እማማ ድንቄ ጣሳውን ወረወሩት።

«ለኮሌጁ መብራት? እኔ ዛፌን ልቁረጥ? አጥራቸውን ሲገነቡ ቦዩን በድንጋይ ደፈኑት! ዝናቡ መውጫ አጥቶ አልጋዬ ሥር ተኛ! አቤት ብል ማን ሰማኝ? ቦዩ ሳይከፈት ከዛፌ ቅጠል አይበጠስም!» ከዚያ አፈጠጡባት። «ለመሆኑ አንቺ እዚያ ግቢ ምን ተማርሽ?»

«የአፈርና የውሃ ጥበቃ» አለች ሰኪና ድምፅዋ ወርዶ።

«ውሃ ጥበቃ! ይኸው፣ ቤቴ ድረስ አምጥተው ጠበቁልኛ!»

ሰኪና አፈረች። ከዚያ እፍረቱ ንዴት ሆነ። እስካሁን ለራሷ ብቻ ነበር የተናደደችው፤ አሁን ለእማማ ድንቄም ጭምር ተናደደች። በጭቃ እግሯ ደረጃውን ወጥታ የዲኑን የዶክተር አያልነህን በር ከፈተች።

«ዶክተር፣ ቦዩን ያስከፍቱ! ካናዳ ያለ ፖስታው አልቀበልም አለ፤ አቶ ሸዋረጋ ያለ ክሊራንስ አላሽግም አሉ፤ ክሊራንሱ ያለ ኮምፒውተር አልወጣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አልነሳም አለ፤ መብራቱ ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ አልመጣም አለ፤ እማማ ድንቄ ቦዩ ሳይከፈት አላስቆርጥም አሉ! የሴትዮዋ አልጋ ውሃ ላይ ነው!»

ዲኑ ምንጣፋቸው ላይ ያረፈውን ጭቃ አዩ።

«ቦዩ የሚከፈተው በእኔ ትእዛዝ ነው። እኔ የማዝዘው ማመልከቻ ሲቀርብልኝ ነው። የእጅ ጽሑፍ ደግሞ አልቀበልም፤ በኮምፒውተር ጽፈሽ አምጪ።»

«ኮምፒውተሩ እኮ ያለ መብራት አይነሳም!»

«እንግዲያው መብራት እስኪመጣ ጠብቂ።»

ሰኪና ኮሪደሩ ላይ ቆመች። በጣቷ ቆጠረች። ትእዛዙ ማመልከቻ ይፈልጋል፤ ማመልከቻው ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ቅርንጫፉ እንዲቆረጥ ይፈልጋል፤ ቅርንጫፉ ቦዩ እንዲከፈት ይፈልጋል፤ ቦዩ ደግሞ ትእዛዝ ይፈልጋል! ሰው ሁሉ ትከሻውን እየነቀነቀ ይኖራል፤ ውሃው ግን የአንዲት አሮጊት አልጋ ሥር ይገባል።

አላለቀሰችም። እማማ ድንቄ ቤት ተመልሳ ዶማ አነሳች፤ አጥሩ ሥር ወርዳ የተደፈነውን ቦይ መቆፈር ጀመረች። ጭቃው ፊቷን መታት። ዘበኛው ጋሽ ወልዴ እየጮሁ መጡ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ያለ ትእዛዝ?»

«ያለ ትእዛዝ!» አለች ዶማውን ሳታወርድ። «ከፈለጉ ያሳስሩኝ! ኮሌጁ ሲደፍነው እርስዎ የት ነበሩ? ወይ ፖሊስ ይጥሩ፣ ወይ ዞር ይበሉልኝ!»

ጋሽ ወልዴ እሷን አዩ፤ በሩ ላይ በጣሳ የሚጨልፉትን አሮጊት አዩ። ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ።

«እኔ ሽንት ቤት ነኝ፤ ምንም አላየሁም» አሉና ትልቁን ድንጋይ በሁለት እጃቸው ይዘው ፈነቀሉላት።

ውሃው ቡልቅ ብሎ ወጣ! በአጥሩ ሥር አልፎ፣ በዲኑ መስኮት ግርጌ ተንደርድሮ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ማነው የፈቀደው?» አሉ ዲኑ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው።

«እኔ ነኝ!» አሉ እማማ ድንቄ ከአጥሩ ማዶ። «ምን ይሁን?»

ዲኑ መስኮቱን ዘጉ።

ቦዩ ሲከፈት እማማ ድንቄ ፈቀዱ፤ እማማ ሲፈቅዱ ገመቹ ቅርንጫፉን ቆረጠ፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ መብራቱ መጣ፤ መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ክሊራንሱ ወጣ፤ ክሊራንሱ ሲወጣ አቶ ሸዋረጋ አሸጉ። ማኅተሙን መታ አድርገው፣ ፈገግ ብለው አዩዋት።

«አየሽ ልጄ፣ ትዕግሥት ካለ ሁሉም ይሆናል።»

ሰኪና የተላጠ መዳፏን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችላቸው።

«በትዕግሥት አይደለም፣ አቶ ሸዋረጋ። በዶማ ነው!»

ፖስታው በጊዜው ሄደ፤ ካናዳም ተቀበላት። ንዴቷ ግን አልወጣላትም። የምትሄድ ዕለት፣ ሻንጣዋ መኪና ላይ ተጭኖ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋባት፣ ቦዩ እንዳልተደፈነ ሄዳ በዓይኗ ሳታይ አልተሳፈረችም።