በሽማግሌ የተጠየቀችው አሻንጉሊት

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እናንተ ጆሮ ስጡኝ። ነገሩ በራሱ አጭር ነበር፤ ያስረዘመው የሰፈራችን ሰው ነው።

ጨፌ ሰፈር ውስጥ እታፈራሁ የምትባል ሴት አለች። ትንንሽ ነገር ትወዳለች። ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ሲሸጥ፣ ሌላው ቁም ሣጥንና ፍሪጅ ላይ ሲረባረብ፣ እሷ ምንጣፉ ጥግ ቁጢጥ ብላ አውራ ጣት የሚያህል ድስት፣ የቆርቆሮ ጋሪ፣ አንገቷ የተሰነጠቀ የሸክላ ዶሮ ትፈልጋለች። ሰው ይስቅባታል። እሷ ግን ያገኘችውን በመሀረብ ጠቅልላ ደስ ብሏት ቤቷ ትገባለች።

ከዕቃዎቿ ሁሉ የምትሳሳለት አንድ የጨርቅ ሙሽራ ነው። እናቷ እማማ አጸደ በወጣትነታቸው ከራሳቸው የሰርግ ልብስ ቁራጭ ወንድና ሴት ሙሽራ ሰፍተው ነበር፤ ኑሮ ሲከፋ ግን ሁለቱንም ሸጧቸው። አምና ወንዱ አንድ ግቢ ውስጥ ከተከመረ ማንኪያ መሀል ተገኘ። እማማ አጸደ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም በጣታቸው ዳስሰው አወቁት። ከዚያ ወዲህ እታፈራሁ ከውጭ በገባች ቁጥር «ሙሽሪትስ?» ይሏታል። እናቷ ሴቷን ሳይዳስሱ እንዳያልፉባት ትፈራለች፤ ያን ፍርሃት ለማንም ነግራ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እነኑሃሚን ግቢ ሽያጭ ሆነ። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሊለቁ ነው፤ ዕቃው ሁሉ እዚያ አይገባም። እታፈራሁ እንደ ልማዷ ምንጣፉ ጥግ ቁጢጥ አለች። ከብርጭቆዎቹ ኋላ ሙሽሪት ቆማለች። ነጭ ቀሚስ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ጥለት፣ እግሯ ሥር እማማ አጸደ የሚያኖሩት ቀይ የክር ነጥብ። እታፈራሁ እጇን ስትዘረጋ ሌላ ትንሽ እጅ ቀደማትና ሙሽሪትን ብድግ አደረጋት።

ኑሃሚን ነበረች፣ የቤቱ ልጅ፣ የሰባት ዓመት እመቤት። እናቷ ሳታስተውል ከብርጭቆው ጋር አውጥታባት ኖሯል። እታፈራሁ ለመነቻት፤ ቤት ውስጥ ወንዱ ሙሽራ እንዳለ፣ የሰፉት እናቷ እንደሆኑ፣ ከአምና ጀምሮ ሴቷን እንደሚጠብቁ ነገረቻት። ኑሃሚን አሰበች። ባለፈው ወር አክስቷ ለትዳር ስትጠየቅ በበር ቀዳዳ አጮልቃ ሁሉንም አይታለች።

«ሙሽራማ አትሸጥም» አለች። «ሽማግሌ ይላኩና ይጠይቁኝ።»

እናቷ ሳቀች፣ ተቆጣች፣ ደግሞ ሳቀች። አሻንጉሊቷ ግን የልጅቷ ናት፤ ማን ይቀማታል? ዕቃ የሚጭነው አይሱዙ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ሽማግሌ ካልሄደ ሙሽሪት አትመጣም፤ እታፈራሁ ነጠላዋን አጣፍታ ገሰገሰች።

ጋሽ ደምስ ቤት ደረሰች። ጋሽ ደምስ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ ልጅ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ይስቁብኛል ብላ ነበር፤ አልሳቁም። የልጅቱ ወገን ማን እንደሆነ፣ የወንዱ ጠባይ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ካፖርታቸውን ለበሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ከዘራቸው ተሰብሮ አናጢው ከድር ጋ ነው ያለው፤ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ሰው ደጅ አይቆምም። ከዘራው ካልተጠገነ ሽማግሌው አይሄድም፤ ሽማግሌው ካልሄደ ሙሽሪት አትመጣም።

እታፈራሁ ወደ ከድር ሮጠች። ከድር ከዘራውን ለሁለት ከፍሎ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞታል። ሥራው ቀላል ነው አላት፤ ኮላ ብቻ የለውም፤ ኮላው ሱቅ ነው፤ ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ሱቁ ካልተከፈተ ኮላ የለም፤ ኮላ ከሌለ ከዘራው አይጠገንም፤ ከዘራው ካልተጠገነ ሽማግሌው አይሄድም፤ ሽማግሌው ካልሄደ ሙሽሪት አትመጣም።

ባለሱቋን የት አገኘቻት? ቦኖ ውሃው ጋ፣ ሰልፍ ላይ፣ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ። ሰፈሩ ውሃ ካየ ሰንብቷል። ባለሱቋ አልነቃነቅም አለች፤ ዞር ካለች ጀሪካኗን ወደ ኋላ ይገፉባታል፣ ያን ደግሞ እነማን እንደሚያደርጉት ታውቃለች፤ በስማቸውም ጠራቻቸው። ጀሪካኑ ካልሞላ ሱቁ አይከፈትም፤ ሱቁ ካልተከፈተ ኮላ የለም፤ ኮላ ከሌለ ከዘራው አይጠገንም፤ ከዘራው ካልተጠገነ ሽማግሌው አይሄድም፤ ሽማግሌው ካልሄደ ሙሽሪት አትመጣም።

ታዲያ ውሃው ለምን አይከፈትም? እታፈራሁ ሰልፉን አልፋ ወደ ቦኖ ጠባቂዋ ሄደች። ጠባቂዋ መክፈቻውን ይዛ ቆማለች፤ የምትከፍተው የለም። የቦኖው መዘውር መሬት ውስጥ ነው፣ በላዩ የብረት ክዳን አለው፣ በክዳኑ ላይ ደግሞ አህያ ተኝቷል። ገፍተውታል፣ ጎትተውታል፣ አንዷ ሴትዮማ በጨዋ ደንብ ለምናዋለች። ጆሮውን ብቻ ነቀነቀ። አህያው ካልተነሳ ቦኖው አይከፈትም፤ ቦኖው ካልተከፈተ ጀሪካኑ አይሞላም፤ ጀሪካኑ ካልሞላ ሱቁ አይከፈትም፤ ሱቁ ካልተከፈተ ኮላ የለም፤ ኮላ ከሌለ ከዘራው አይጠገንም፤ ከዘራው ካልተጠገነ ሽማግሌው አይሄድም፤ ሽማግሌው ካልሄደ ሙሽሪት አትመጣም።

ባለአህያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሱም እንደ አህያው አኩርፏል። ጠዋት ፉርሽካ ሳይበላ ስለጫነው ነው የተኛው አለ፤ ፉርሽካ ሳያይ ንጉሥ ቢመጣም አይነሳም። ፉርሽካው የታል? ወፍጮ ቤት። ወፍጮ ቤቱስ? መብራት ስለሌለ ተዘግቷል። ፉርሽካ ከሌለ አህያው አይነሳም፤ አህያው ካልተነሳ ቦኖው አይከፈትም፤ ቦኖው ካልተከፈተ ጀሪካኑ አይሞላም፤ ጀሪካኑ ካልሞላ ሱቁ አይከፈትም፤ ሱቁ ካልተከፈተ ኮላ የለም፤ ኮላ ከሌለ ከዘራው አይጠገንም፤ ከዘራው ካልተጠገነ ሽማግሌው አይሄድም፤ ሽማግሌው ካልሄደ ሙሽሪት አትመጣም። እኔ እንኳ ስናገረው ደከመኝ፤ እሷ የሮጠችውን አስቡት።

ከዚህ ወዲያ የምትሄድበት አልነበራትም። አይሱዙው ጥሩንባውን እየነፋ በቦኖው በኩል አለፈ፤ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። እናቷን ምን እንደምትላቸው አሰበች። አግኝቼ አጣኋት ከማለት ጭራሽ አላገኘኋትም ማለት ይሻላል? እንባዋ መጣ። ቢያንስ ሙሽሪትን ልሰናበታት ብላ ቀስ እያለች ተመለሰች።

ግቢው ውስጥ ፍራሹ ተጭኗል፣ ወንበሩ እየተጫነ ነው። ኑሃሚን ሙሽሪትን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ደረጃው ላይ ትጠብቃለች። ሽማግሌዎቹ የታሉ አለች። እታፈራሁ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከዘራውን፣ ኮላውን፣ ሱቁን፣ ጀሪካኑን፣ ቦኖውን፣ አህያውን። ልጅቷ አቋርጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«አህያው የማን ወገን ነው?»

እታፈራሁ ግራ ገባት። «የእኛ መሆኑ ነዋ» አለች፤ «የወንዱ ወገን።»

ኑሃሚን ብድግ አለች። የወንዱ ወገን ሊጠይቅ ሲመጣ የሴቷ ቤት ሰው ያበላል እንጂ ያስርባል እንዴ? አክስቷ ስትጠየቅ ሾፌሩ ሳይቀር በልቶ ነው የሄደው። ዶሮዎቹ ትናንት ተሸጠዋል፤ የተረፈ ግማሽ ከረጢት ፉርሽካ ግን ከቆጡ ኋላ አለ። እየጎተተች አመጣችና እታፈራሁ ጫማ ሥር ጣለችው።

«ይብላ» አለች። «በኋላ አስራቡን እንዳትሉ።»

እታፈራሁ ከረጢቱን ተሸክማ በረረች፤ ጉልበቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፉርሽካው ተደፋ፤ አህያው ሸተተውና ተነሳ። አህያው ሲነሳ ቦኖው ተከፈተ፤ ቦኖው ሲከፈት ጀሪካኑ ሞላ፤ ጀሪካኑ ሲሞላ ሱቁ ተከፈተ፤ ሱቁ ሲከፈት ኮላው ተገኘ፤ ኮላው ሲገኝ ከዘራው ተጠገነ፤ ከዘራው ሲጠገን ሽማግሌው ተነሱ። ብቻዬን አይሆንም ብለው ከድርንና ባለአህያውን ጨመሩ። ከድር ኮላው እስኪደርቅ እንዳይደገፉበት አስጠንቅቋቸዋል፤ ጋሽ ደምስ ከዘራውን ከመሬት ከፍ አድርገው እንደ ጧፍ ይዘው ሄዱ። እታፈራሁ እግረ መንገዷን ቤት ገብታ ወንዱን ሙሽራ ከመስኮቱ አነሳች፤ እማማ አጸደ ተኝተው ስለነበር አልቀሰቀሰቻቸውም።

ሲደርሱ የአይሱዙው ሞተር ተነስቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። የኑሃሚን እናት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ግቡ፣ ተቀመጡ አለች። ጋሽ ደምስ ደንቡን ያውቃሉ፤ የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጡ ተናገሩ። በእርግጥ የሚቀመጡበት ወንበርም ተጭኗል።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ፤ ወደ ታች፣ ወደ ኑሃሚን እያዩ።

ኑሃሚን ደረቷን ነፋች። የአክስቷ ወገኖች ያሉትን ቃል በቃል አለች፤ ተማክረን እንነግራችኋለንና በሳምንቱ ተመለሱ። በሳምንቱ እዚህ ግቢ ማን አለ? እናትየው ልጇን በጆሮዋ ልትይዛት ስትል ጋሽ ደምስ በእጃቸው ከለከሏት። መማከር ተገቢ ነው አሉ፤ ግን ቤተ ዘመድ ሁሉ እዚሁ ስላለ አሁኑኑ ቢመካከርስ? ልጅቷ አሰበችበት። ከአይሱዙው ኋላ ሄዳ ከሙሽሪት ጋር ተንሾካሾከች። ስትመለስ ሙሽራውን ልየው አለች።

እታፈራሁ መሀረቡን ፈታች። ኑሃሚን ወንዱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ የእሷ ቀሚስና የእሱ ሱሪ አንድ ጨርቅ፣ እግሩ ሥር ያው ቀይ ነጥብ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስጠጋቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጋሽ ደምስን ጠየቀቻቸው።

«አይማታም?»

ጋሽ ደምስ በሕይወታቸው በብዙ ቤት ለዚህ ጥያቄ በልበ ሙሉነት መልሰው በኋላ ያፈሩበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ግን አልቸገራቸውም።

«እጁ የጨርቅ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ኑሃሚን ሙሽሪትን ግንባሯን ሳመቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ ለእታፈራሁ ሰጠቻት። አላለቀሰችም፤ እናቷ ናት ያለቀሰችው። እታፈራሁ ለረጅም ጊዜ ተሸክማው የኖረችው ነገር ከትከሻዋ ወረደ፤ በረጅሙ ተነፈሰች። አይሱዙው ሲንቀሳቀስ ልጅቷ በመስኮት ብቅ አለች።

«መልሱ እኛ ቤት ነው» አለች። «አራተኛ ፎቅ። ሁለቱም ይምጡ፣ እናትየዋም ይምጡ።»

እማማ አጸደ ሲነቁ መዳፋቸው ላይ ሁለት ሙሽሮች አገኙ። ቀሚሱን ዳሰሱ፣ ጥለቱን ዳሰሱ፣ እግሯ ሥር ያለችውን ነጥብ ዳሰሱ። እንባቸው ወረደ፣ ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር። እታፈራሁ ስለ ሽማግሌውም ስለ አህያውም ነገረቻቸው፤ መልስ መጠራታቸውንም ነገረቻቸው። ይሄኔ እማማ አጸደ ቀና ብለው ተቀመጡ። ያቺ ልጅ ልጇን ድራ ብቻዋን እኮ ነው የቀረችው አሉ፤ ባዶ እጅ አይኬድም፣ አንዲት ሚዜ ልስፋላት፣ ክሩን አንቺ አስገቢልኝ።

እታፈራሁ መርፌውን ወደ ብርሃን አድርጋ ክሩን አስገባች። አሁን ከውጭ በገባች ቁጥር ሙሽሪትስ የሚላት የለም፤ እናቷ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ የሚጠይቋት ቀይ ክር አመጣሽ ወይ ነው።