የይታይሽ የውሃ ወላጅ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ነፋስን እንደ ጎረቤቱ ጠባይ በሚያውቅበት ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ደንገል በር የምትባል መንደር ነበረች። የመንደሯ ሰዎች ትንንሽ ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባዎች ነበሯቸው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሦስት ትልልቅ ቅሎች በድንጋይ አስረው ሐይቁ ላይ ያንሳፍፉና ይሽቀዳደማሉ፤ ሦስቱንም ቅል ዞሮ ቀድሞ የተመለሰ ያሸንፋል። ያሸነፈ ይጨፈርለታል። በማግስቱ ግን እሱም እንደ ሰው ሁሉ ዓሣውን ያጠምዳል።

ትልቁ ነገር ያለው አዲስ ገቢው ጋ ነው። በደንገል በር ወግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ ዙሩን የጨረሰ ሰው፣ አንደኛም ይውጣ መጨረሻ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ የአንድ ሰው ስም ይጠራል። ከሸራው ጫፍ የተቀደደች ነጭ ብጣሽም በዚያ ሰው የእጅ አንጓ ላይ ያስራል። የተጠራው የውሃ ወላጁ ይሆናል። የውሃ ወላጅ ከሥጋ ወላጅ አያንስም፤ ሲታመሙ ያስታምማል፣ ሲሞቱ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሥልጣንም አለው፤ «ዛሬ ሐይቅ አትውጣ» ካለ ቃሉ አይታለፍም። የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከተጠራ በኋላ መሻር የለም።

ይታይሽ የዚያች መንደር ሸራ ሰፊ ነበረች። የደጋ ልጅ ናት፤ ባሏን ተከትላ መጣች፣ ባሏ በወባ ሞተ፣ እሷ ቀረች። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሸራ ስትሰፋ ጀልባ ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠችም። መንደሩ ይወዳታል። መወደድና ዘመድ ማግኘት ግን ለየቅል ነው። በበዓል ቀን ሁሉም «ነይ እኛ ጋ» ይላታል፣ ያለ ጥሪ የምትገባበት ቤት ግን የላትም። አንድ ሐምሌ ታማ ስትተኛ አጥሚት ያላመጣላት አልነበረም፤ አብሯት ያደረ ግን አልነበረም። ከዚያ በሽታ ስትነሳ ነው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ «እኔም እወዳደራለሁ» ያለችው። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

አያ ጥሩሰው አልሳቁም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ ሐይቅ መውጣት የተዉ ሽማግሌ ናቸው። አሮጌ ጀልባቸውን ሣር ላይ አስቀምጠው ክረምቱን ሙሉ አስተማሯት። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጠገቧ አይነሱም።

«ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣብሽ አትጋፊው» ይሏታል። «ትንሽ ወደ ቀኝ ሂጂ፣ ከዚያ ወደ ግራ ተመለሺ። እጅሽ ደግሞ መርፌ ለምዶ ይጨብጣል። የሸራ ገመድ ሲጨብጡት ይጥላል፣ ሲያላሉት ያስኬዳል።»

መስከረም ሲጠባ ዋና አስተማሯት፤ ቀጥሎ ውሃው ላይ አወጧት። አንዱን ስህተት አሥር ጊዜ ብትሠራ አሥር ጊዜ እንደ አዲስ ያርሟታል። አንድ ነገር ብቻ አላስተማሯትም፤ ጀልባ ሲገለበጥ ምን እንደሚደረግ። በደንገል በር «መገልበጥ» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም። ምጣድ ላይ ላለች ቂጣ እንኳ «አዙሪያት» ይባላል እንጂ «ገልብጪያት» አይባልም። ይታይሽ የውጭ ሰው ናትና ጠየቀች። እሳቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ የጠሩት ይመጣል» አሏት፤ ወሬው በዚያው ቀረ። አያ ጥሩሰው ከእሷ በፊት ሰባት ሰው አስተምረዋል። ሰባቱም በቀኑ የጠሩት ሌላ ሰው ነው፤ አንዱ ጓደኛውን፣ አንዷ አክስቷን። ሽማግሌው ይህን አንስተው አያውቁም። ይታይሽ ከሰው ስትሰማ አንጀቷን በላት።

የእሽቅድምድሙ ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ያች አሮጌ ጀልባ ሆዷ ተሰንጥቆ ተገኘች። ክረምቱን እርጥብ ሣር ላይ ከርማ እንጨቷ በስብሷል። ይታይሽ እጇን ስንጥቁ ውስጥ ከትታ ቁጭ አለች። ትርፍ ጀልባ ያለው ሰው አልነበረም።

ውዴ መጣች። ውዴ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈች የመንደሩ አውራ ተወዳዳሪ ናት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ስሙ በመንደሩ ዋርካ ግንድ ላይ ይቀረጻል፤ አንዱን ዓመት የዘለለ ግን ከአንድ ይጀምራል። አባቷም ሁለት አሸንፎ ሦስተኛውን እንደተመኘ ነው የሞተ። ይታይሽን እጇን ይዛ ወደ ገዛ ጀልባዋ ወሰደቻት።

«ውጪባት።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ዳር ሆኜ አያለሁ።»

«ውዴ፣ ሦስተኛሽ እኮ ነው!»

«ዋርካው የትም አይሄድ። ፍጠኚ፣ ጡሩምባው ሊነፋ ነው።»

ልብ በሉ፣ የውዴ ጀልባ እሳት ናት። ትንሽ ነፋስ ያስፈነጥራታል፣ ትንሽ ስህተት ያስቆጣታል፤ ለጀማሪ የምትሆን አይደለችም። ውዴ ይህን አልነገረቻትም። እንዳታስፈራራት ሰግታ ይሁን፣ በችኮላው ረስታ ይሁን፣ እሷ ታውቃለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጡሩምባው ተነፋ። ሌሎቹ ከመነፋቱ በፊት ነፋሱን ይዘው ሲንደረደሩ፣ ይታይሽ ገና «የቱ ቅል ነው የሚቀድመው?» እያለች ነበር። ከሁሉ ኋላ ሄደች። የመጀመሪያውን ቅል ግን ዞረች። ሁለት ጀልባም ቀደመች! ደስታው ደረቷን ሞላው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፋችው ነገር ይህን እንደሚያደርግ ለካ አታውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቅል ጋ ስትደርስ ድንገተኛ ነፋስ መታት። እጇ ገመዱን ጨበጠ። ጀልባዋ በጎኗ ተኛችና ይታይሽን ሐይቁ ውስጥ ጣለቻት። ቀና ስትል ሸራው ውሃ ላይ ተዘርግቶ፣ የገዛ ስፌቷ ፊት ለፊቷ ነበር። የቀደመቻቸው ሁለቱ ዓይናቸውን ሰብረው በአጠገቧ አለፉ።

ያን ጊዜ ሁሉን የሚመራው ጓዴ የተባለው ዓሣ አጥማጅ ነበር። ምላሱ እሾህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ይታይሽን ባየ ቁጥር፣ «መርፌሽንም ይዘሽ ነው የምትወጪው?» ይላት ነበር። ሰው ይሸሸዋል፤ ነጭ ብጣሽ ያሰረለትም የለም። ሦስተኛውን ቅል ዞሮ ወደ ዳር ሊመለስ ምንም ያህል አልቀረውም። ዞር ብሎ አያት። ጀልባውን መለሰ።

ሕጉ እንዲህ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ጀልባውን ወይም ተወዳዳሪውን ከነካ ዙሩ ተቋረጠ፤ ወላጅ መጥራትም የለም። ጓዴ አልነካትም። እየዞራት ጮኸ።

«ተገልብጠሻል! ሰማሽ? ተገልብጠሻል! የተገለበጠ ይቃናል!»

ዳር የቆሙት ቃሉን ሲሰሙ ጆሯቸውን ያዙ።

«የሸራውን ገመድ ልቀቂ! በሆዷ በኩል ዙሪ! ከሆዷ የወጣው ሳንቃ ላይ ውጪና ወደ ኋላ ተንጠልጠዪ!»

ሞከረች፣ ወደቀች። ደግማ ሞከረች፣ ወደቀች። ጣቶቿ ደነዘዙ።

«እጅህን ስጠኝ!» አለችው እያለቀሰች።

ጓዴ እጁን ወደ ኋላው ወሰደ። «አልሰጥሽም። እጄን ከያዝሽ ዓመትሽ አለቀ። ውጪ!»

ጠላችው። ከልቧ ጠላችው። በዚያ ጥላቻ ሦስተኛ ጊዜ ሳንቃው ላይ ወጥታ ተንጠለጠለች፤ ጀልባዋ ተንቀጥቅጣ ቀና አለች። ገብታ ውሃውን ጨልፋ ሦስተኛውን ቅል ዞረች። ጓዴ ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነ፣ እሷ መጨረሻ። እርግጥ ጉልበቷ ከድቷት ቢሆንስ ኖሮ? የሚሉ አሉ፤ ሰው ለእሽቅድምድም ብሎ የሰው ነፍስ ያስይዛል ወይ? ደግሞ ሌሎች ይላሉ፤ ዓይኑን አንዴም ከእሷ አላነሳም፣ ብትሰምጥ ከጀልባው ይዘል ነበር።

ይታይሽ ጋቢ ለብሳ ዳር ላይ ቆመች። የእሽቅድምድሙ ዳኛ ከሸራው ጫፍ ነጯን ብጣሽ ቀድዶ እጇ ላይ አኖራት። «ጥሪ» አላት።

አያ ጥሩሰው፣ «ያስተማርኩሽ ለዚህ ብዬ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። የእጀ ጠባባቸው እጅጌ ግን እስከ ክርናቸው ተጠቅልሎ ነበር።

ውዴ፣ «የፈለግሽውን ጥሪ፣ ብቻ ጀልባዬን አድርቂልኝ» ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ጓዴ ጀርባውን ሰጥቶ ሸራውን እያጠፈ ነበር። ዳኛው «ጥሪ» ሲል እጁ ቆመ፤ አልዞረም።

ይታይሽ ሦስቱን አየች። ሽማግሌውን ብትጠራ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስታምማት አባት ታገኛለች፤ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ግን በፍቅር ብዛት «አትውጪ» ይሏታል። ውዴን ብትጠራ፣ ያላትን ሁሉ የምትሰጥ ዘመድ ታገኛለች፤ ውዴ ግን በወጀብም ቀን «አትውጪ» የምትል ሰው አይደለችም። ጓዴን ብትጠራ፣ እውነቱን የማይደብቃት ሰው ታገኛለች፤ ታማ ስትተኛ ግን አልጋዋ አጠገብ በዚያ ምላስ ምን ሊያወራት ነው? አያ ጥሩሰው ባያስተምሯት ሐይቁን አታየውም ነበር። ውዴ ጀልባዋን ባትሰጣት ዳር ቀርታ ነበር። ጓዴ ባይመለስ፣ ወይም እጁን ቢሰጣት፣ ብጣሿ እጇ አትገባም ነበር።

ለእኔ የነገረኝ ሰው እዚህ ላይ አቆመ፣ እኔም እዚሁ አቆማለሁ። ቀሪው የእናንተ ነው። ብጣሿ አንዲት ናት፤ ለማን ትገባለች? የመረጣችሁለትን ስትነግሩኝ ግን ይህንንም አብራችሁ ንገሩኝ፤ አንጓቸውን ባዶ ይዘው ወደ ቤታቸው ለሚሄዱት ለሁለቱ፣ ይታይሽ ምን ትበላቸው?