ለረድኤት ተሠርቶ የመጣው ብሌን

«የአሳማ ዓይን ነው የሚተክሉት!»

አንድ ሰው ነበር። ይህን ወሬ ይዞ ያልገባበት ቤት የለም። እድር ድንኳን ውስጥ ያወራዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያወራዋል። ታክሲ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ትከሻ ነካ አድርጎ ያወራዋል። «የተተከለለት ሰው አይቆርብም፤ ሲሞትም ፍትሐት የለውም» ይላል። ማን ነገረህ? ሲሉት፣ «ይባላል» ይላል።

ይባላል! ሁሉም ይለዋል፤ ያለው ሰው ግን አይገኝም።

ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ስለ እሱ አልነግራችሁም፤ ክፉውንማ ሳልነግራችሁም ትሸሹታላችሁ። ጿሚ ነው። ከዓመታት በፊት ልቡን ታሞ፣ አዲስ አበባ ደረቱን ከፍተው አክመውት፣ ከሞት አፋፍ ተመልሷል። «እግዜር በቸርነቱ ጠገነኝ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ቁርባን አቋርጦ አያውቅም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ልጁን ረድኤትን ብቻውን አሳደጋት።

ረድኤት ደሴ ፒያሳ ሞባይል ትጠግን ነበር። የእኔን ስልክ ሁለት ጊዜ ከመጣል አድናልኛለች። ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነገር አንሥታ ትበይዳለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት ግን አንዱ አምፖል ሦስት ሆኖ ይታያት ጀመር። ሄዳ ተመረመረች። የዓይኗ ብሌን እየሳሳ፣ እየሾለ ወደ ፊት እየወጣ ነው ተባለች።

ሐኪሟ እንዲህ አለቻት፦ «ከሞተ ሰው የተለገሰ ብሌን ይተከላል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ሌላም መንገድ አለ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ለሙከራ የተሠራ ብሌን ይዘዋል። ከአሳማ ቆዳ ተጣርቶ የወጣ ፕሮቲን ነው፤ የእንስሳው ሕዋስ የለበትም። ስምሽን አስገብቻለሁ። ሐሙስ እንዳትቀሪ።»

ሐሙስ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ አባቷ በሩ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«አባባ፣ ወዴት እንደሆነ ታውቃለህ።»

«የሰው ይጠበቃል ብያለሁ! የክርስቲያን ዓይን ጠፋ?»

«የሚሰጥ የለማ! አንተስ ስትሞት ዓይንህን ልትለግስ ፈርም ሲሉህ ‹በትንሣኤ ቀን ዕውር ሆኜ ልነሣ ወይ?› አላልክም?»

«ዓይንሽ ነው የታመመው፣ ምላስሽማ ደህና ነው።»

«አባባ፣ ትናንት የሰው ስልክ አቃጠልኩ። እጄን ሳየው ጣቶቼ አሥር አይደሉም።»

ጣቶቿን አየ። ያመነታ መሰላት። ከዚያ እጁን አነሣ፦ «ይህን ደፍ ብትሻገሪ ገዝቼሻለሁ! በሚካኤል ገዝቼሻለሁ!»

ግዝት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ረድኤት ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ተራዋን በዚያው ቀን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ሁለት ዓመት የሰው ብሌን ጠበቀች። በመጀመሪያ ግራ ዓይኗ ቆሰለ፣ አመረቀዘ፣ ፈሰሰ። ቀኙም ተከተለ። ለፈሰሰ ዓይን ብሌን አይተከልም። የሰውም አይተከል፣ የተሠራውም አይተከል።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ጌታ የዚያን ዕውር ዓይን በምን ቀባው? በጭቃ! ዕውሩ ጭቃው ከየት ሜዳ እንደተነሣ፣ ምን ከብት ረግጦት እንደነበር ጠየቀ? አልጠየቀም። ሄዶ ታጠበ። አየ። እናንተ ብትሆኑ ኖሮ ግን መጀመሪያ ጭቃውን ትመረምሩ ነበር!

አሁን በልባችሁ በአባትዬው እየፈረዳችሁ ነው። ቆይ። ሞቼ ስቀበር ዓይኔን ውሰዱ ብሎ የፈረመ ካለ እጁን ያውጣ።

ምነው? ጣሪያው ላይ ምን አገኛችሁ?

እንግዲህ የራሳችሁን አትሰጡም። የአሳማውን አታስነኩም። ታዲያ ረድኤት በምን ትይ? በ«ይባላል» ትይ? እናንተስ ደጃችሁ ላይ ቆማችሁ ማንን ገዝታችኋል? የትኛውን ልጅ? በማን ወሬ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ግዝታችሁን ፍቱ። ነገ አትበሉ። ረድኤት ነገ አልነበራትም።

የቀረችኝን ልንገራችሁና ላብቃ። ባለፈው ግንቦት አባትዬው ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ረድኤት ክንዱን ይዛ፣ እሱ እየመራት፣ ልቡን ወዳከሙት ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ የድሮውን ካርድ አገላበጠና፣ «አባቴ፣ ዕድሜውን ጨርሷል፤ መቀየር አለበት» አለው።

«ምኑ ነው የሚቀየረው?»

«ያኔ ልብዎ ውስጥ የገባልዎት ቫልቭ። አልነገሩዎትም? ፈርመውበታል እኮ። የአሳማ ነው።»