የማንም ያልሆነው ፋይል

እኔ ነገሬን ልቀጥል፣ እናንተ ሰዓት እያያችሁ ስሙኝ፤ የውድነሽ ሰዓት እየሮጠ ነውና። ውድነሽ አዋላጅ ነርስ ናት። የፈለገችው አንዲት ወረቀት ብቻ ነው፤ ወደ ባሏ ከተማ የዝውውር ማመልከቻዋ። እሷ እዚህ፣ ባሏ ታፈረ ሌላ ከተማ፣ እንዲህ እንደሆኑ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያመለጠው ሰው እስከ ከርሞ ይጠብቃል። አሁን አሥር ሰዓት ነው።

ማመልከቻዋ ያለበትን ፍላሽ ይዛ ኮምፒውተር ቤት ገባች። «ፕሪንተር፣ ወረቀቴን ስጠኝ።» ፕሪንተሩ እምቢ አለ። «መጻፊያው ፕሮግራም ካልላከልኝ ምኑን ላትመው?»

«ፕሮግራም፣ ለፕሪንተሩ ላክለት፤ ፕሪንተሩ ወረቀቴን እምቢ አለኝ።» ፕሮግራሙም እምቢ አለ። ቀይ ምልክት ይዞ ብቅ አለና፣ «አንድ ፋይል ጎድሎኛል» አለ። «የጋራችን ነው፤ እኔም፣ ዘፈን ማጫወቻውም፣ ሥዕል መክፈቻውም በእሱ ነው የምንሠራው። እሱ ከሌለ አልነሣም።»

የኮምፒውተር ቤቱ ጸሐፊ ብርቄ ከጎረቤት ሱቅ ያንኑ ፋይል ቀድታ መጣች። ፕሮግራሙ ቀመሰና ተፋው። «ስሙ ልክ ነው፣ ግን የድሮ ነው፤ አይሆነኝም።» አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ውድነሽ መቆምም መቀመጥም አቃታት።

ዋናው ፋይል የት ሄደ? ለፋሲካ ቤት ሲጠረግ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ገረመው ኮምፒውተሩንም ጠረጉት። ፋይሉን አይተው «ይሄ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ብርቄ «የኔ አይደለም» አለች። ባልደረባዋም «የኔም አይደለም» አለ። የሁሉም የሆነውን ማንም የኔ ሳይለው ቀረና ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ቅርጫት ገባ።

«ቅርጫት፣ ፋይሉን መልስ፤ ፋይሉ ጠፍቶ ፕሮግራሙ እምቢ አለ፤ ፕሮግራሙ እምቢ ብሎ ፕሪንተሩ እምቢ አለ፤ ፕሪንተሩ ወረቀቴን እምቢ አለኝ።» ቅርጫቱም እምቢ አለ። «የይለፍ ቃል ካልተጻፈልኝ አልለቅም።»

የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ጋሽ ገረመው ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ ቃሉን ይጻፉልኝ፤ ቅርጫቱ ፋይሉን እምቢ አለ፤ ፋይሉ ጠፍቶ ፕሮግራሙ እምቢ አለ፤ ፕሮግራሙ እምቢ ብሎ ፕሪንተሩ እምቢ አለ፤ ፕሪንተሩ ወረቀቴን እምቢ አለኝ።»

ጋሽ ገረመውም እምቢ አሉ። «እኔ የጣልኩት ነገር የለም። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው።» ሠራተኞቻቸው ፊት ጥፋታቸውን ለማመን አፈሩ እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም።

አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ውድነሽ እንባዋ መጣ። «ማን ጣለው አላልኩም፣ ጋሼ። የሰው ልጅ ሳዋልድ እውላለሁ፤ የራሴን የምወልደው መቼ ነው? ባሌን የማውቀው በስልክ ሆነ።»

ጋሽ ገረመው አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ነኝ የጣልኩት» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ።

ቃሉን ጻፉ፤ ቅርጫቱ ፋይሉን ለቀቀ፤ ፋይሉ ቦታው ገባ፤ ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ፕሪንተሩ አጉረመረመ፤ ወረቀቷ ወጣች። ውድነሽ ገና ትኩስ ወረቀቷን ይዛ በረረች። የቢሮው ሹም ቁልፉን አንሥቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው፣ አነበበ፣ መዝገቡን አየ። «ያመለከትሽበት ቦታ ክፍት ነው፤ ተፈቅዶልሻል» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት።

ደጅ ወጥታ ስልክ ደወለች።

«ታፈረ» አለች እያለከለከች፣ «ሁለተኛ ትራስ ግዛ።»