የሻምበል ደፋባቸው ጎራዴ

በአንድ ወቅት፣ ብርድ በማይለቃት በጎባ ከተማ፣ ሻምበል ደፋባቸው የሚባሉ ጡረተኛ መኮንን ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው መኮንን ሲሆኑ የተሸለሙት፣ ስማቸው በስለቱ ላይ የተቀረጸ ጎራዴ ነበራቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ «የንጉሡ መኮንን» ተብለው ታሰሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲፈቱ ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ወዳጆቻቸው ተበታትነዋል። ከቀድሞ ንብረታቸው የቀረላቸው ያ ጎራዴ ብቻ ሆነ።

ለጎራዴውና ለተቀረጸበት ስም ግን ሦስት ሰዎች ዋጋ ከፍለዋል።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ሻምበሉ የተያዙ ዕለት ጎራዴውን ከግድግዳው አውርደው በገዛ ቤታቸው ወለል ሥር ቀበሩት። ፈታሾች መጥተው ባላቸውን በፊታቸው ቢገርፉትም ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። ባልየውን ይዘውት ሄዱ፤ በዚያው ቀረ። የት እንደተቀበረም አልታወቀም።

አሥር አለቃ ኩምሳ ቀድሞ የሻምበሉ ወታደር ነበር። የዘርትሁን ቤት ተወርሶ ወለሉ ሲፈርስ ጎራዴው ተገኘና የቀበሌ መጋዘን ገባ። ከውዳቂ ብረት ጋር ሊጫን ሲል፣ የመጋዘኑ ዘበኛ ኩምሳ በጋቢው ጠቅልሎ ይዞት ጠፋ። ዲንሾ ገጠር ውስጥ ስሙን ለውጦ፣ ሳያገባ ሳይወልድ አረጀ። የጌታውን መፈታት ሲሰማ አምጥቶ አስረከባቸው።

የሻምበሉ ልጅ እልፍነሽ ደግሞ ተማሪ ሳለች «የአባትሽን ስም ካልቀየርሽ አትመዘገቢም» ተባለች። «አባቴ ደፋባቸው ነው» ብላ ወጣች። በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ለእስረኛው አባቷ ስንቅ አቀበለች። ትምህርቷ ግን በዚያው ቀረ። በኋላ ሮቤ አገባች፤ ልጆቿን ስታሳድግ አባቷን የምታየው ለበዓል ብቻ ሆነ።

ሻምበሉ ታመው «ጎራዴውን ሳልሞት ለሚገባው ላስረክብ» ማለታቸው በተሰማ ጊዜ ሦስቱም መጡ።

«ሻምበል፣ ባሌ መቃብር የለውም» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። «ለልጅ ልጆቼ የማሳየው አንድ ነገር ይኑረኝ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ስሞት ተኩስ የሚተኮስልኝ ሰው አይደለሁም» አለ ኩምሳ። «ሬሳዬ ላይ ይጋደምልኝ። ወታደር እንደነበርኩ ይታወቅ።»

«አባዬ፣ የተቀረጸው ስም የእኔም ስም ነው» አለች እልፍነሽ። «ሌላ የምወርሰው የለኝም።»

«እስቲ ላስብበት» አሉ ሻምበሉ።

በሳምንቱ ሦስቱም ተመለሱ። ዘርትሁን ትኩስ አጥሚት ይዘው መጡ። ኩምሳ እንጨት ፈለጠ። እልፍነሽ የአባቷን እግር አጥባ እዚያው አደረች። ከሻምበሉ ሳል በቀር ድምፅ ያልነበረበት ቤት ጨዋታ ሞላው። ሻምበሉ ተከናንበው ያዳምጣሉ፤ ደስታቸው ውስጥ ግን ፍርሃት ገባ። ጎራዴውን ለአንዱ የሰጡ ዕለት ሌሎቹ ደጃቸውን የሚረግጡ አልመሰላቸውም።

«እስቲ ላስብበት» አሉ እንደገና። በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ። ክረምቱ በዚሁ አለፈ።

አንድ ቀን ወይዘሮ ዘርትሁን የአጥሚቱን ኩባያ አቀብለዋቸው ሲያበቁ አዩዋቸው። «ሻምበል፣ የሚያስቡት ስለ ጎራዴው ነው ወይስ ስለ እኛ መምጣት?»

ሻምበሉ አንገታቸውን ደፉ። «ሰው ርቦኝ ነው» አሉ።

ማንም አልሳቀም። እልፍነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ዛሬ ይወስኑ» አለ ኩምሳ ቀስ ብሎ። «የሚመጣ ይመጣል፤ የሚቀር ይቀራል።»

ሻምበሉ ጎራዴውን አስወርደው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። አንድ በአንድ አዩዋቸው። «የሦስታችሁም ባለዕዳ ነኝ» አሉ። «ባለዕዳ ዳኛ አይሆንም። ሽማግሌ ይፍረድ።»

እነሆ፣ ሽማግሌዎቹ እናንተ ናችሁ። ጎራዴው የሚገባው ባላቸውን ላጡት ወይዘሮ ነው? ስሙንና ዕድሜውን ለሰጠው? ወይስ ስሙን አልክድም ብላ ትምህርቷን ለተወችው? ፍረዱ፤ ስትፈርዱ ግን ከዚያ በኋላ የሻምበሉን ደጅ ማን እንደሚያንኳኳም አስቡ።